ዓይነት ጠያቂው አማቼ

ዘመድ የበዛበት ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አያጣም፤ ዕቃ ሲጠፋ እንደ ሌላው ጎንበስ ብሎ አልጋ ሥር አያይም፣ ተቀምጦ ይጠይቃል። የኛው የልጄ ባል ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ኃላፊ ነው፤ እኔ ግን በልቤ «ክቡር መርማሪ» እለዋለሁ።

መነጽሬ የጠፋ ቀን ትዝ ይለኛል። ልጄ ትራስ ታራግፋለች፣ እኔ መጋረጃ እዳብሳለሁ። ክቡርነታቸው ወንበራቸው ላይ እንደተደላደሉ፣ «ስሙን ተዉት፣ ዓይነቱን ንገሩኝ! የማንበቢያው ነው የመንገዱ?» አሉ።

«የማንበቢያው።»

«እንግዲያው እማማ፣ የሚነበብ ነገር ያለበትን ብቻ እንይ።»

የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ከወረቀቱ ጋር ተጣጥፎ ተገኘ። ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻለው! ካልሲ ሲጠፋ እንኳ «ሱፍ ነው ጥጥ?» ይላል። ልጄማ፣ «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፤ ዓይነትህን ሳልጠይቅ ያገባሁህ!» ትለዋለች።

ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ባሰበት። እኛ በማውስ ፎልደሩን አንድ በአንድ እንከፍታለን። እሱ ማውሱን ገፋ አድርጎ ጥቁር መስኮት ይከፍትና አንዲት መስመር ትእዛዝ ይጽፋል፤ የፈለገው ዓይነት ፋይል ሁሉ ተሰልፎ ይመጣል። አንድ ቀን አስረዳኝ። እያንዳንዱ ፋይል ከስሙ ጫፍ ነጥብ አለው፣ ከነጥቡ ወዲያ ጭራ፤ የፎቶው ጭራ ሌላ፣ የድምፁ ሌላ፣ የደብዳቤው ሌላ። ከነጥቧ በፊት ኮከብ ካስቀመጡ «ስሙ ማንም ይሁን ማን» ማለት ነው አለኝ። ያቺን ኮከብ ወደድኳት። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ፤ ስም የማይጠይቅ ነገር ደስ ይለኛል።

እኔ ግን ለሰው ያልነገርኩት ጭንቅ ነበረኝ። ባለቤቴ ታሞ ሳለ ድምፁን በስልኬ ቀድቼው ነበር። ካረፈ በኋላ ስልኩ ሞልቶ እምቢ ሲለኝ፣ ልጄ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገለበጠችልኝና ስልኬ ላይ ያለውን ደመሰስኩ። በኋላ ተደብቄ ብፈልገው የለም። በዚህች ጣቴ አጥፍቼዋለሁ ብዬ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ። አማቼን ብጠይቀው «አዎ፣ ጠፍቷል» እንዳይለኝ ፈራሁ።

ባለፈው እሑድ ልጄ ወጣ ብላ ሁለታችን ስንቀር አመለጠኝ።

«አንተ ልጄ፣ የሽማግሌዬን ድምፅ አጥፍቼው ይሆን?»

አልደነገጠም። «ድምፅ ነው አይደል?» ብሎ ኮከቧን፣ ነጥቧን፣ የድምፁን ጭራ ጻፈ። ዘፈን መጣ። ሌላ የድምፅ ጭራ ሞከረ። ዘፈን። የእሱ የለም።

«እማማ፣ ሲቀዱት ምኑን ነበር የነኩት?»

«የፎቶ ማንሻውን ቀዩን ክብ ነዋ!»

«ስልኩስ የት ነበር?»

«ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኝቼ፣ መሐረብ ጣል አድርጌበት። መቅዳቴን ካወቀማ መቼ ይናገራል!»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። «ቪዲዮ ነዋ የቀዱት! ዓይነቱን ነው የሳትነው!»

ጭራዋን ለወጣት። ከሠርግና ከምረቃ መሐል አንድ ድፍን ጥቁር ብቅ አለ። ስንቴ አይቼው «ይሄ የተበላሸ ነው» ብዬ እንዳለፍኩት!

ከፈተው። ከጨለማው ውስጥ ሳል መጣ፤ ከዚያ ባለቤቴ።

«መስኮቱን ዝጊ አላልኩሽም? ብርዱ ገባ እኮ! አንቺ ሴት፣ ትሰሚያለሽ?»

ሌላ ቁም ነገር የለውም። አራት ደቂቃ ሙሉ ስለ መስኮት ይቆጣኛል። እኔ ደግሞ በየመሐሉ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ንቅንቅ አልልም።

እፎይ አልኩ። የሁለት ዓመት ሸክም ከትከሻዬ ወረደ።

«አላጠፉትም እማማ፤ ይኸው» አለና ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ያ ጥያቄ የማያልቅበት ሰው፣ «ልድገመው?» እንኳ ሳይለኝ ወንበሬን አስጠግቶ ከመጀመሪያው አስጀመረልኝ።