በኸሚስ ይመጣል

እስቲ ስማችሁን ከአባታችሁ ስም ጋር አያይዛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ምን ይላል? ምንም ካላለ ዕድለኞች ናችሁ። እኔ ደስታ ዘገየ ከሚባል ልጅ ጋር ነው የተማርኩት። ምስኪን፣ አንድ ቀን እንኳ በሰዓቱ መጥቶ አያውቅም። ፀሐይ ጥላሁን የምትባል አስተማሪም ነበረችን። ይሙቀን ይብረደን ሳናውቅ ዓመቱ አለቀ።

የእኔ ስም ይበቃል ነው። ለአባቴ ስምንተኛ ልጅ ነኝ። ስወለድ አየት አደረገኝና «ይበቃል» አለ፤ እሱው ስሜ ሆኖ ቀረ። ታዲያ በቃ? የት አባቱ! ከእኔ በኋላ ሦስት ተወልደዋል። አባቴ ቃሉን አጠፈ፣ ስሙን ግን እኔው ላይ ጥሎት ቀረ።

ክልሉ አዲስ በተቋቋመበት ጊዜ ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ ገባሁ። ሥራዬ የሠራተኞችን ፋይል መክፈት ነበር። ሁሉም ነገር አዲስ ነው። ማኅተሙ አዲስ፣ አለቃው አዲስ፣ እኔም አዲስ። አሮጌው ጠረጴዛው ብቻ ነው፤ እሱንም ለሁለት ነበር የምንጋራው። ባልደረባዬ ከወለጋ የመጣ ሲሆን ስሙ ደበላ ነው። ደበላ በኦሮምኛ ጭማሪ እንደ ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፣ በአንድ ጠረጴዛ ይበቃልና ጭማሪ!

መከራውን ያየሁት ምሳ ቤት ነው። ደበላ ከወዲያ ማዶ «ይበቃል!» ብሎ ሲጠራኝ ወጥ የምትጨልፍልኝ ሴትዮ እጇን ትሰበስባለች። እኔ ደግሞ «ደበላ!» ብዬ ስመልስ፣ ኦሮምኛ ታውቃለችና ለእሱ ትጨምርለታለች። በሁለት ወር ውስጥ እሱ ወፈረ፣ እኔ ከሳሁ።

ቅጹ ሦስት ሣጥን ነበረው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ቀላል ይመስላል አይደል? አንድ ቀን ከካማሺ የመጣ ጉምዝ ሰውዬ ስሙን ስጠይቀው ስሙን ከነታሪኩ ነገረኝ። እናቱ ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ስለወለደችው ስሙ መንገድ እንደ ማለት ነው። ደስ አለኝ። እኛም አገር እንዲህ ነው ብዬ የራሴን ስም ከነትርጉሙ አጫወትኩት። ሰውዬው ግን «አባትህ አንተን አልፈለገም ነበር?» አለኝ። በሠላሳ ዓመቴ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው ነው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ ደበላ ባይጠራኝም።

ስለ በርታ ስሞች ያስተማረኝ ጁማ ነው። ጁማ የመሥሪያ ቤታችን ስልከኛ፣ ዕድሜው የገፋ የበርታ ሰው ነው። ስሙ ዓርብ ማለት እንደሆነ፣ ዓርብ ስለተወለደ እንዲህ እንደተባለ፣ ሐሙስ የተወለደ ደግሞ ኸሚስ እንደሚባል ነገረኝ። ቀኖቹን በሙሉ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ጠረጴዛው ላይ ለጠፍኳቸው። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ? ባለጉዳይ «ኸሚስ» ሲል ገና ሳይጨርስ «አሃ፣ ሐሙስ ነዋ የተወለድከው!» እላለሁ። የአንዳንድ ሰው ችግር ምንም አለማወቁ ነው። የእኔ ችግር ትንሽ ማወቄ ነበር።

አሁን ወደ ባለቤቴ ልምጣ። የሺ ፍኖተ ሰላም ቀርታ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። በደብዳቤ ስም እንመርጥ ነበር። እሷ ሰላም ይባል ብላ ጻፈች። ሰላም ይበቃል? ምን ልንዋጋ ነው? ደስታስ? ደስታ ይበቃል! ጤናዬ ብላ ጻፈች፤ ያንንማ ሳነብ ደብዳቤውን ዘጋሁት። የትኛውም መልካም ነገር የእኔ ስም ከኋላው ሲመጣ ያበቃለታል። በመጨረሻ የሺ ተናደደች። ስሙን እዚያው ተያይተን እንወስናለን፣ እኔም ብቻዬን አልወልድም፣ መጣሁ ብላ ጻፈች። ስምንት ወሯ ነው፣ ወሩ ሰኔ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው። እንዳትመጪ ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤው ሳይደርሳት ተነሥታ ኖሯል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከመስክ ስመለስ ጁማ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ይበቃል፣ ሚስትህ ደወለ። ከነቀምት ነው። በኸሚስ ይመጣል አለ።»

ጁማ በአማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም፤ ለምጄዋለሁ። ወረቀቴን እንኳ ማየት አላስፈለገኝም። ኸሚስ፣ ሐሙስ! ገና ሦስት ቀን አለኝ ብዬ ቤቴን በኖራ መቀባት ጀመርኩ። አልጋ ተዋስኩ። ሐሙስ ጠዋት ጢሜን ተላጭቼ ከደበላ ጋር መናኸሪያ ሄድኩ።

ከነቀምት የሚመጣው አውቶቡስ ስምንት ሰዓት ላይ ገባ። ሰው ሁሉ ወረደ። ዶሮ ሳይቀር ወረደ። የሺ የለችም። ሾፌሩን ብጠይቅ ነፍሰ ጡር አልጫንኩም አለኝ። እዚያው ቆሜ ስቁለጨለጭ ጁማ አየኝ። መልእክቱን በነገረኝ ማግስት ወደ መንደሩ ሄዶ ገና መመለሱ ነው።

«አንተ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ሚስቴን ልቀበል ነዋ! በኸሚስ አላልከኝም?»

«ኸሚስ ሰው ነው እኮ! ሾፌር ነው። ጨው ይጭናል። ሚስትህ አውቶቡስ አጣ፣ በኸሚስ መኪና ይመጣል አለ። ኸሚስ ሰኞ ከነቀምት ወጣ። እስከ ዛሬ አልገባም?»

ሰኞ የወጣ መኪና ቢዘገይ ቢዘገይ ማክሰኞ ማታ መግባት ነበረበት። እኔ ኖራ ስቀባ እሷ የት ነበረች? ደበላ ሊያጽናናኝ ፈለገ። ጭቃ ይዞት ይሆናል አለ። ደበላ ነውና ጨመረ፤ ጎማ ፈንድቶ ይሆናል፣ ወንዝ ሞልቶ ይሆናል፣ ድልድዩም ደኅና አልነበረም አለ። «ይበቃል!» ብዬ ጮህኩበት። የገዛ ስሜን በእንዲያ ያለ ድምፅ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። የመናኸሪያው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ደበላ ሳይቀየመኝ መኪና ሊለምንልኝ ወደ ቢሮ ሮጠ።

አሥር ሰዓት ግድም ሳይሆን አይቀርም። እስከ ጣሪያው ጭቃ የለበሰ የጭነት መኪና እያቃሰተ መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ። አንድ ረጅም ሰውዬ ራሱን ሳይሸፍን ወረደ፤ ሳይቸኩል ዞረና የወዲያኛውን በር ከፈተ። የሺ ተቀምጣለች። እቅፏ ላይ በነጭ ጥምጣም የተጠቀለለ ነገር አለ። ጥምጣሙ የሰውዬው ነው፤ ውስጡ ያለው ግን የእኔ ነው።

«ማክሰኞ ወለደ» አለኝ ኸሚስ፣ ጎማ ቀየርኩ እንደሚል ሰው። «መንገድ ላይ አመመው። ጤና ጣቢያ ወሰድኩ። ወንድ ነው። ሐኪም ሁለት ቀን ይተኛ አለ፤ እኔ ጠበቀ።»

ጨው የጫነ መኪናውን አቁሞ፣ ሰኔ ዝናብ ላይ፣ ለማያውቃት ሴት ሁለት ቀን ሙሉ ጠበቀ! ላመሰግነው አፌን ስከፍት ልቅሶ መጣብኝ። እዚያው መናኸሪያ መሀል አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ከደረቴ ላይ አንድ ኩንታል ጨው የወረደልኝ መሰለኝ። ጁማ ግን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «አየህ? በኸሚስ መጣ» አለኝ። እኔም ቢሆን ቀኑን አልተሳሳትኩም እኮ፤ ዕለቱ ሐሙስ ነው። የሺ ግን እንኳን የእኔን ክርክር ልትሰማ ፊቴንም በደንብ አላየችውም።

«ስሙ ኸሚስ ነው» አለች። አላማከረችኝም።

እንደ ልማዴ ከስሜ ጋር በሆዴ አገጣጠምኩት። ኸሚስ ይበቃል። እንደገና አልኩት። እንደ ሰላምና እንደ ደስታ አላበቃለትም። በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ምጥ፣ ባሏ ቤት በሚቀባበት ሰዓት፣ የሺ ማን ነበራት? አንድ ኸሚስ። በቃት። አባቴ ስሙን ሲያወጣልኝ ምን አስቦ እንደነበር አላውቅም፤ ለልጄ ግን ደኅና አድርጎ አውጥቶለታል።

በሳምንቱ የራሴን ፋይል አውጥቼ የቤተሰብ ቅጹን ሞላሁ። ስም፦ ኸሚስ። የአባት ስም፦ ይበቃል። ጁማ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሶ ቀስ እያለ አነበበው። ቀጥሎ ያለውን የትውልድ ቀንም አነበበ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የለጠፍኩትን የቀኖች ወረቀት ከላይ እስከ ታች በጣቱ ቆጠረና አዘነልኝ።

«ማክሰኞ ለተወለደ ልጅ ኸሚስ? ይበቃል፣ አንተ እስከ ዛሬ ቀን አያውቅም!»