ዶክተሩ ሳይሞት ነፍስ ይማር ያልኩ ጊዜ

«እማዬ፣ የማናውቀው ሰው ለቅሶ ለምን እንሄዳለን?» ብላ ጠይቃኝ ነበር ልጄ ሶልያና፣ በሰባት ዓመቷ። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ከምንኖርበት ከቡሪየን ኬንት ከተማ ድረስ በዝናብ እየወሰድኳት ነው። የሞቱት የአንዲት የማኅበራችን ሴት አጎት ናቸው፤ እኔም አይቻቸው አላውቅም። «ሟቹን ባናውቅ ያዘነውን እናውቃለን። ለቅሶ ደግሞ በእግር ነው የሚደረሰው» አልኳት። ልጅ ይረሳል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አምን ነበር።

አሁን አሥራ ስድስት ሞልቷታል። ፌስቡክ የከፈተችልኝም እሷ ናት። እዚያ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሌላ የምከታተለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በቴሌቪዥን ሐኪም ሆኖ የሚሠራ ተዋናይ። ስሙን መያዝ ስላቃተኝ «ዶክተሩ» እለዋለሁ። ልብስ ሳጣጥፍ እሱን ነው የማየው። ደግ ነው፤ በሽተኛን ቁጭ ብሎ ነው የሚያናግረው።

አንድ ዓርብ፣ ከማጸዳበት ኤርፖርት ለምሳ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት የዶክተሩ ፎቶ ጠቁሯል። ፊቱ የለም፣ ጥቁር ብቻ። እኛ ዘንድ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይጠፋችኋል? አማተብኩና ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ብዬ ጻፍኩ። በአማርኛ። ሥራ ጨርሼ ሳይ ስምንት የማኅበር እህቶቼ ከእኔ ሥር ተሰልፈው «ለቤተሰቡ መጽናናቱን ይስጥ» ብለዋል። የማኅበራችን ትልቅ ሴት እትዬ ዘነቡማ ደወሉ።

«አንቺ፣ ትናንት ኦፕሬሽን ሲያደርግ አይቼው፣ ምን ነካው?»

«እኔም ድንገት ነው የሰማሁት እትዬ። እርስዎንም ያጽናዎት።»

ሶልያና ስልኬን አይታ ከሶፋው ወረደች፣ በሳቅ። «ማም፣ አልሞተም። ፎቶውን ያጠቆረው ፖሊስ ለገደለው አንድ ልጅ ሳፖርት ብሎ ነው።»

«የሞተው ያ ልጅ ከሆነ የራሱን ፊት ምን ብሎ ያጠፋል?»

እስቲ ፍረዱ። ሰው በቁሙ የራሱን መርዶ ይናገራል? ሌሎቹንም ተዋንያን እያገላበጠች አሳየችኝ። አንዷ ለሞተው ልጅ ሦስት የልብ ምልክት አድርጋለች፤ ዝቅ ስትሉ ያንኑ ቀን ሽቶ ታስተዋውቃለች። ስንት ለቅሶ ቤት ገብቻለሁ፣ ሽቶ የሚያዞር አላየሁም። ዶክተሩም እራት ሳይደርስ ፊቱን መልሶ፣ ከውሻው ጋር እየሳቀ ፎቶ ተነሥቷል። ሠልስቱን እንኳ አልጠበቀም።

«ይሄ ለቅሶ ነው?» አልኩ። «የልጁ እናት በዚህ ትጽናናለች? ያዘነ ሰው ይነሳና ይሂድ።» ምነው አፌን በያዝኩት።

ሶልያና ሳቋን አቆመች። «ኦኬ። ነገ ዳውንታውን ለልጁ ሰልፍ አለ። እንሂድ።»

ሰልፍ። አገር ቤት ሰልፍ ወጥቶ ያልተመለሰ የጎረቤት ልጅ አውቃለሁ። እናቱ በሩን ሳትዘጋ ነበር የምታድረው። እኔ ደግሞ ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። አይሆንም አልኳት፣ ሦስት ጊዜ። ማሳመኛ ያገኘሁ መስሎኝ «ልጁንም እኮ አናውቀውም» ብዬ ጨመርኩ።

ሌላ ጊዜ ውኃ አምጪ ስላት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ በጠራ አማርኛ፣ በራሴ አነጋገር፣ «ሟቹን ባናውቅ ያዘነውን እናውቃለን። ለቅሶ ደግሞ በእግር ነው የሚደረሰው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ብቻችንን መሄዱን ስለፈራሁ ለእትዬ ዘነቡ ደውዬ «ነገ ለቅሶ እንሂድ» አልኳቸው። የማን ብለው አልጠየቁም።

በማግስቱ ጸሎቴን አድርሼ ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ። ለቅሶ ባዶ እጅ አይኬድምና ሁለት እሽግ ውኃ በገበያ ጋሪዬ ጫንኩ። «ማም፣ ሰልፍ ነው እኮ» ትለኛለች ሶልያና፣ የጻፈችበትን ካርቶን ታቅፋ። ባቡር ጣቢያው ስንደርስ እትዬ ዘነቡ ጥቁር በጥቁር ለብሰው ቆመዋል። ለዶክተሩ።

ባቡሩ ውስጥ እየፈራሁ ነገርኳቸው። ዶክተሩ ደኅና ነው፤ የሞተው የማናውቀው ልጅ ነው፣ የምንሄደውም ሰልፍ ነው አልኩ። ወደ እኔ ዞሩ።

«እናት አለችው?»

«አለችው።»

«ታዲያ ምን ታወሪያለሽ፤ ይልቅ ውኃሽን ወዲያ አድርጊው፣ እግሬን መዘርጊያ አጣሁ።»