ሐጅ ሚሙን ቤት የሚያሳይበት ቀን

ፈጣሪ ተራራውን አቁሞ፣ ሐይቁን ከሥሩ ሞልቶ ሲያበቃ፣ የሚያሻሽጠውን ደላላ ሳይፈጥር ያረፈበት አገር የለም። ተራራ ብቻ ያለው አገር እረኛ ይበቃዋል፤ ሐይቅ ብቻ ያለውም ዓሣ አጥማጅ ይበቃዋል። ሁለቱ ከተገናኙ ግን ደላላ የግድ ነው። ከኢፍራን ከተማ በላይ ላለው ለእኛ ሐይቅ የደረሰው ክቡር ሐጅ ሚሙን ነው፤ የቁልፎች አለቃ፣ የበረንዳዎች አባት፣ በፀሐይ መውጫና መግቢያ ላይ ባለሙሉ ሥልጣን። ሐጅ የተባለው መካ ደርሶ አይደለም። ገዢዎቹን ሁሉ «ሐጅ» እያለ ሲጠራ፣ እነሱም በአጸፋው «ሐጅ» ሲሉት፣ ማዕረጉ እላዩ ላይ ቀረ።

ደላላ ሁሉ ዋሾ ነው ይባላል። ይህ በሐጅ ሚሙን ላይ ሲነገር ስም ማጥፋት ነው። ሰውየው በዕድሜው አንድም ውሸት አልወጣውም፤ ምን ቸግሮት! እሱ ቀን ነው የሚመርጠው። «ቤት እንደ ሙሽራ ነው፤ በተቆረጠለት ቀን ነው የሚታየው» ይላል። በተራራው ጥላ ተቀብሮ ዓመቱን ሙሉ የሚሻግተውን ቤት በሰኔ እኩለ ቀን ያሳየዋል፤ ያን ጊዜ ብቻ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ምንጣፉ ላይ ትንጋለላለች። ከበጎች ጉረኖ አጠገብ ያለውን ቤት መንጋው ተራራ በወጣበት ወር ያሳየዋል። ጦጣዎች ከዝግባው ጫካ እየወረዱ የሚጨፍሩበትን ጣሪያ ደግሞ የግቢው ፖም ሳይበስል ነው የሚያሳየው። ገዢው ያየው ሁሉ እውነት ነው። ያላየውን ደግሞ ማን ጠየቀ?

አንድ ከመክነስ የመጣ የጥርስ ሐኪም ነበር። በሚያዝያ፣ የተራራው በረዶ ቀልጦ ሐይቁ እስከ ደጃፍ ሲሞላ፣ የጀልባ ማሰሪያ ያለው ቤት ገዛ። ነሐሴ ላይ ቤተሰቡን ጭኖ ቢመጣ ውሃው ሸሽቶ ሸሽቶ ማዶ ገብቷል፤ ማሰሪያው ላይ የሰው አህያ ታስራ ሣር ትግጣለች። ሐኪሙ እየጮኸ ሐጅ ሚሙንን ሻይ ቤት አገኘው።

«ውሃዬ የታለ?»

«ጌታዬ፣ ያሳየሁዎት ሚያዝያን ነው። ስለ ነሐሴ መች ጠየቁኝ?»

ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ሻይ አዘዘ። በዚያው ሳምንት ከፍ ካለ ቦታ ላይ፣ «ውሃው ሲሸሽም አሸሻሹ የሚታይበት» ሌላ ቤት ገዛ። የሸጠለት ማን እንደሆነ መናገር አያሻም።

የሐጅ ሚሙን ትልቁ ጥበብ ግን እጁ ላይ ነው። በእኛ አገር ሽያጭ የሚጸናው የሁለቱ ሰዎች እጅ ተጨባብጦ የቁርአን መክፈቻው ፋቲሓ ሲቀራበት ነው፤ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል። ሻጭና ገዢ ገና ሲያመነቱ፣ ሐጅ ሚሙን የአንዱን እጅ በቀኙ፣ የሌላውን በግራው አፈፍ አድርጎ ጧ አድርጎ ያጋጥማቸዋል። ከዚያ ወዲያ ማፈግፈግ ነውር ነው። በዝናብ አጋጥሟል፤ ቀብር ላይ አጋጥሟል፤ አንዴ ደግሞ ከሚንቀሳቀስ መኪና ጎን እየሮጠ በመስኮት አጋጥሟል።

ኢቶ የዚህን ሰው ዓይን ማየት አትወድም ነበር። አባቷ የሠራው ቤት ከሐይቁ ዳር ነው፤ ግቢው ውስጥ ምንጭ አለ። አባትየው በደጉ ጊዜ ቤቱን በወንድ ልጁ በራሆ ስም አድርጎ ሞተ። ራሆ ገና በወጣትነቱ ካዛብላንካ ገብቶ ቀረ። ኢቶ ግን አልተነቃነቀችም። በጋ ሁለቱን ክፍሎች ለእንግዳ ታከራያለች፣ ዓሣ ትጠብሳለች፣ ሦስት ጀልባዎቿን ለሚቀዝፍ ትሰጣለች፤ በረዶ ሲጥል ደግሞ በሯን ዘግታ እሳቷን ታነዳለች። አሁን ራሆ ቤቱን ሊሸጠው ነው፤ ደላላውም ሌላ ሰው አይደለም።

ሐጅ ሚሙን በጥቅምት መጀመሪያ ቁልፎቹን ከጀለቢያው ሥር እያንኳኳ መጣ። ኢቶ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ ግባ አላለችውም።

«ሐጅ፣ የዓለሙን ቤት ሸጠው ሸጠው እኔ ላይ ደረሱ?»

«እኔ ምን ላድርግ ልጄ? ባለቤቱ ሽጥ ካለ መሸጥ ነው። ገዢዎቹ እሁድ ይመጣሉ።»

«እሁድ?»

«እሁድ። ቤቱን ጠራርጊ። ጀልባዎቹን ደግሞ ከምንጩ ዳር አንሺልኝ፤ ግቢው ሰፋ ይበል።»

ኢቶ ደሟ ፈላ። የጎሳው ሽማግሌዎች በየዓመቱ የላይኛው ግጦሽ የሚዘጋበትን ቀን ይቆርጣሉ፤ በዚያ ቀን መንጋው ሁሉ ከተራራው ወደ ቆላ ይወርዳል። መንገዱ ከጥንት ጀምሮ በኢቶ ግቢ ነው፤ በጎቹ የሚጠጡትም ከግቢዋ ምንጭ ነው። ዘንድሮ የተቆረጠው ቀን ሐሙስ ነበር። ስለዚህ ነው ለካ እሁድ ያለው! መንጋው ካለፈ፣ አቧራው ከተቀመጠ፣ በጠጡ ከተጠረገ በኋላ። እስከ ጸደይ በዚያ በር አንዲት ጠቦት አታልፍም፤ ገዢው ምን ብሎ ያውቃል?

«ቀን አመራረጥ ያውቁበታል» አለችው፤ ምራቋን መትፋት ነበር የቀራት።

«ሥራዬ ነው» አለና ሄደ።

ሐሙስ ኢቶ እንደ ወጉ ዳቦ ጋግራ ጠበቀች። መንጋ የለም። አርብም የለም። ቅዳሜ ወደ ተራራው አንጋጣ ዋለች፤ የውሻ ድምፅ እንኳ አልተሰማም። በሌላ መንገድ ወርደው ይሆን? ሰው ሁሉ ቤቱ መሸጡን ሰምቶ ከአሁኑ ትቷት ይሆን? ዳቦው ደረቀ። እሷም እንደ ዳቦው ሆነች።

እሁድ የሐጅ ሚሙን ቀን ሆኖ ነጋ። ሰማዩ ጥርት አለ፤ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ሐይቁ ከፍ ብሎ ተራራውን ገልብጦ ይዞታል። ራሆ ገዢዎቹን በራሱ መኪና ይዞ መጣ፤ የመስታወት ነጋዴው ሲ ታውፊቅና ሚስቱ ላላ ነዚሃ። ሴትየዋ ከመኪናው ወርዳ ሐይቁን ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ይህ ግድግዳ ይፈርሳል» አለ ሲ ታውፊቅ፣ ማድ ቤቱን እየጠቆመ። «እስከ ታች መስታወት እናደርገዋለን።»

«ሴትየዋስ?» አለች ላላ ነዚሃ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እህቴ ናት፤ ከእኔ ጋ ትሄዳለች» አለ ራሆ። «ሦስተኛ ፎቅ ነን፤ አሳንሰር አለን።»

ኢቶ የሻይ ትሪ እንደያዘች ቆማ ነበር። ሻዩን ሳትቀዳ ትሪውን አስቀመጠችው።

ሐጅ ሚሙን ግን አልቸኮለም። ጭስ ማውጫውን አሳየ። ምድር ቤቱን አሳየ። ጭስ ማውጫውን ደግሞ አሳየ። ድንጋዩን ማን እንደፈለጠው፣ የፈላጩን አያት ማን እንደዳረው፣ በሠርጉ ስንት በሬ እንደወደቀ አወራ። ሲ ታውፊቅ ሰዓቱን አየ። ራሆ ላብ ላብ አለው።

«ሐጅ፣ ሰዎቹ ወደውታል» አለ። «እንጨርስ።»

«ወደድነው» አለ ሲ ታውፊቅ፤ እጁን ዘረጋ። ራሆም ዘረጋ። ሁለት እጆች በአየር ላይ ቀሩ። ሁሉም ወደ ሐጅ ሚሙን ዞረ። ሐጅ ሚሙን እጆቹን በጀለቢያው እጅጌዎች ውስጥ ቀብሮ ቆሟል።

«በባዶ ሆድ ፋቲሓ አይቀራም» አለ።

«ከመቼ ወዲህ?» አለ ራሆ።

«ከጥንትም ነውር ነው። ኢቶ፣ ዓሣ ጥበሽልን እንጂ! እንግዳ ጾሙን ይሂድ?»

ኢቶ ዞር ብላ አየችው። ይህ የመኪና መስኮት ያላገደው እጅ ዛሬ ምን ነካው? ሐጅ ሚሙን ገዢውን አያይም፤ ሐይቁንም አያይም። ዓይኑ ከቤቱ በላይ፣ ዝግባው ከሚያልቅበት አፋፍ ላይ ተተክሏል፤ ግንባሩን አልቦታል። በሥራ ላይ ሲያልበው አይታ አታውቅም። ወደሚያይበት አየች። አፋፉ ላይ አቧራ ቆሟል።

ማድ ቤት ገብታ ዓሣውን ማጠብ ያዘች፤ አንዱን ዓሣ ሁለቴ ሦስቴ አጠበችው።

ራሆ ግን ታግሶ አልቆየም። «ያለ ደላላም ይጨባበጣል!» ብሎ የሲ ታውፊቅን እጅ ሊይዝ ሲል፣ አንድ ውሻ እንደ ባለቤት ግቢውን አቋርጦ ምንጩ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ ቃጭል ተሰማ። ከዚያማ በግ በግን እየገፋ፣ በጓሮ፣ በበር፣ በደረጃ፣ ግቢው ሞልቶ ፈሰሰ። ላላ ነዚሃ ጮኻ መኪናው ውስጥ ገባችና መስታወቱን ዘጋች፤ አንድ አውራ በግ መስታወቱ ላይ ተነፈሰባት።

የእረኞቹ አለቃ ሽማግሌው ዛይድ በትሩን ተደግፎ መጣ። ደስ እንዳለው ያስታውቃል።

«አዲሱ ጌታ እርስዎ ነዎት? መብሩክ! ቤቱ የተባረከ ነው። እኛ በዓመት ሁለቴ ነን፤ ስንወጣና ስንወርድ። የቤቱ ሰው ዳቦና ሻይ ያቀርባል። መሄድ ያቃታትን በግ ደግሞ እስከ ጸደይ እዚህ ትተንልዎት እንሄዳለን።»

«እዚህ? የት እዚህ?» አለ ሲ ታውፊቅ።

ዛይድ መስታወት ሊሆን ወደታሰበው ማድ ቤት በትሩን ቀሰረ። «ሙቁ እዚያ ነው።»

«አጥር ቢታጠርስ?»

እረኞቹ ተያዩ። አልሳቁም እንኳ። «አጥር እኮ ነበረ» አለ ዛይድ በሐዘኔታ፣ «አባቷ አጥሮ ነበር። በጎቹ አላዩትም።»

ሲ ታውፊቅ ጫማውን አየ፤ ከዚያ ሚስቱን አየ። ከታች የሻይ ቤቱ ሰው ታክሲ አለው ሲሉት፣ የበጎቹን ባሕር እየቀዘፈ ሚስቱን ከመኪናው አውጥቶ ይዟት ሄደ።

ራሆ በንዴት ፊቱ ጠቆረ። «ጃጅተሃል!» ብሎ ሐጅ ሚሙን ላይ ጮኸ፣ በእረኞቹ ሁሉ ፊት። «ከብት እንኳ የሚያውቀውን ቀን አንተ ረሳኸው! ደላላ ነኝ ትላለህ? ማሳየት የማትችል!»

ለአንድ ቃል አሥር የሚመልሰው ሐጅ ሚሙን አንገቱን ደፋ። «እርጅና ነው ልጄ» አለ።

«ተወው! ሁለተኛ ይህን ቤት ለሰው አላሳይም! ማን ይገዛዋል? ከነበጉ፣ ከነጠጠሩ ለእሷ ይሁን!»

ይህን ብሎ ጩኸቱን ሰምታ ከማድ ቤት ወደወጣችው ወደ ኢቶ እጁን ወረወረ። እጁ በአየር ላይ እንዳለ ሐጅ ሚሙን ደረሰበት። የዓሣ ውሃ የሚያንጠባጥበውን የኢቶን እጅ በሌላው እጁ አፈፍ አደረገና ጧ!

«ቢስሚላህ!» አለ ሐጅ ሚሙን፤ የጃጀ ሰው ድምፅ አልነበረም። ዛይድ በትሩን ጣለ፤ እረኞቹ መዳፋቸውን ከፈቱ፤ ፋቲሓው በሰው ሁሉ አፍ ተቀራ። ራሆ እጁን ሊነጥቅ ሞከረና ያሉትን ፊቶች አየ። የአባቱ ወዳጆች ናቸው። በመጨረሻ እሱም «አሚን» አለ፤ ሐሞት እንደጠጣ ሰው ነው ያለው። እህቱን ሳያይ መኪናውን አስነሥቶ በጎቹን በጥሩምባ እየለመነ ወጣ።

ኢቶ እጇን እያየች ቆመች። ደስታው ገና አልገባትም ነበር። ከዚያ የደረቀውን ዳቦ በወይራ ዘይት አርሳ፣ ዓሣውን ጠብሳ፣ የናና ሻይ አፍልታ አቀረበች። ዛይድ ዳቦውን እየቆረሰ አጉረመረመ።

«ሐሙስ እንወርድ የነበረውን ይህ ሰውዬ ነው ያዘገየን። 'እሁድ ሰማዩ ይጠራል፣ ታገሡ' ብሎ አፋፉ ድረስ ወጥቶ ለመነን። ላይ ብርድ ፈጀን። ለምንድን ነው ብንለው ቁልፉን ከማንኳኳት በቀር አይናገር!»

ሐጅ ሚሙን ሻዩን ለማቀዝቀዝ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ኢቶ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ምነው ሐጅ?»

«ምኑ ምነው?»

«እኔ እርስዎን ስረግም ነበር የከረምኩት።»

«ሰምቻለሁ። ድምፅሽ ማዶ ድረስ ይሰማል።» ብርጭቆውን አዟዟረው። «በበረዶ ጊዜ ከደጄ ቆሜ ቁልቁል ሳይ፣ በሐይቁ ዙሪያ ጭስ የሚወጣው ካንቺ ቤት ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ተዘግቷል። ቁልፉ ይኸው። የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይህንንም ብዘጋው ምን አያለሁ?»

ኢቶ ተነሥታ ግንባሩን ሳመችው። እረኞቹ ፊታቸውን አዞሩ። ሐጅ ሚሙን አፈረ፤ ጆሮው ቀላ፤ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋውና ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ደግሞ ቤት ያለሽ እንዳይመስልሽ» አለ። «ጣሪያው ያፈሳል። ደረጃው ሰው ይሰብራል። ማድ ቤቱ ጨለማ ነው። ነፋሱ በሩን አንኳኩቶ አይገባም። በየትኛው ወር ባሳየው ነው የሚያምረው? እኔ አላገኘሁለትም።»

ሐጅ ሚሙን ስለ ቤት ክፉ ሲናገር ሰው ሰምቶ አያውቅም። ኢቶ እየሳቀች ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፤ ሙገሳ እንደምትሰማ ሁሉ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ሌላስ?» አለችው።

«ሌላማ» አለ ሐጅ ሚሙን፣ «ከሁሉ የከፋችው የቤቱ ባለቤት ናት። ግትር ናት።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ኢቶን የዚያ ቤት ባለቤት ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም።