አሊዩ አምባ ደርሶ መመለስ

በደብረ ብርሃን ሦስት አጥር አልፋችሁ በአራተኛው ግቢ አሮጌ መኪና ካላያችሁ፣ እዚያ ቤት ሚስት አሸንፋለች ማለት ነው። አዛለች ገና አላሸነፈችም። ድንች መደቧ ላይ የተጋደመውን የጣሊያን ኤንትሬ የጭነት መኪና ስትረግም ስድስት ዓመቷ ነው።

ባሏ፣ ጡረተኛው ሊቀ ሾፌራን አቶ ኪዳነወልድ፣ መኪና ያድሳሉ እንጂ አያስውቡም። "ሙሽራ አይደለም፤ ይሂድና ይቁም!" የሚል ሃይማኖት አላቸው። ፍሬኑን አራት ጊዜ ፈትተው ገጥመዋል፤ በሩ ግን የሚዘጋው በጠፍር ነው። ጎረቤታቸው ፍቅሩ፣ "ኧረ ጋሼ፣ ዝገቱን እንኳ ያስፍቁት" ቢላቸው፣ "አያይዞ የያዘው እሱ አይደል እንዴ!" አሉት።

ችግሩ፣ መኪናው ሳይነሣ እሳቸው ጉዞ መጀመራቸው ነው። ጎማ የሌለው መኪና ላይ ወጥተው፣ ዓይናቸውን ከደን አድርገው፣ መሪውን እያዞሩ በጉም ውስጥ ከአንኮበር ወደ ቆላው ገበያ፣ ወደ አሊዩ አምባ፣ ይወርዳሉ።

"ምሳ ቀርቧል!" ትላለች አዛለች።

"ቁልቁለት ላይ ነኝ አዛሉ፣ እዚህ አይቆምም!"

ወጡ ይቀዘቅዛል። አንዳንዴ ሰው እንዳያያት ገልመጥ ገልመጥ ብላ ከጎናቸው ትቀመጣለች። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው የገዛ ልብስ ማስጫ ገመዷ ነው፤ እሳቸው ግን፣ "ያውልሽ፣ ማሽላው ደርሷል" ይሏታል። ወይ ጉድ! አንድ ቀን እሷም አየችው።

ዘንድሮ ጎማም ተገጠመለት፣ ሞተሩም ተነሣ። አዛለችም ቁርጡን ተናገረች፦ "አሊዩ አምባ ደርሶ ከተመለሰ ይኑር። ካልተመለሰ ለብረት ሸማች ይሰጥና ድንቼን እተክላለሁ።"

ለዚያ ዳገት ረዳት ያስፈልጋል፤ ሞተር ሲጠፋ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ የሚሸጉጥ። የድሮው ረዳት አንዳርጌ ሞቷል፤ ከሰፈሩም እሺ ያለ ጠፋ። "ውርደቱን በዓይኔ አየዋለሁ" ብላ አዛለች ራሷ የእንጨቱን ታኮ ታቅፋ ገባች።

መውረዱንስ ወረዱ። ስድስት ኩንታል ማሽላ ጭነው ሲመለሱ ግን ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ ጸጥ አለ። ጉሙ ገደሉን ሸፍኖታል። ሊቀ ሾፌራን ፍሬን እንደረገጡ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "በቃ፣ ድንችሽን ትከይ" አሉ።

ስድስት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር። ሲመጣ ግን ወርዳ ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር ሸጎጠች።

"አስነሣው!"

"አይሆንም እኮ አዛሉ..."

"አስነሣው አልኩህ!"

በሦስተኛው ሙከራ ተነሣ። "ንዳ! እኔን አትጠብቅ!" ብላ ጮኸች። ነጠላዋን አሸርጣ፣ ታኮውን ተሸክማ፣ በጉሙ ውስጥ የጭሱን ሽታ እየተከተለች አንኮበር ድረስ በእግሯ ወጣች።

"ደከመሽ?" አሏት፣ ከላይ ቆመው ሲጠብቋት።

አዛለች ታኮውን መኪናው ውስጥ ወደ ቦታው መለሰች።

"ለሚቀጥለው ገበያ ሸራ ጫማ ትገዛልኛለህ" አለች።