አንገቴ ያወጣው ዕድሜ

ሰው ማርጀት ለምን ከአንገቱ ይጀምራል? ፊቴስ ደህና ነው፤ ቅባት ይበቃዋል። አንገቴ ግን ሃምሳን ሲያልፍ ላላ፣ ስልሳን ሲያልፍ ጭራሽ ተንጠለጠለ። ስስቅ ይወዛወዛል እኮ!

ማን ያይብሻል ትሉኝ ይሆናል። መምህር አያሌው ነዋ! ቡሬ የሚኖር ጡረተኛ ነው፤ ሚስቱ ሞታበታለች። እኔም ባሌ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ፍኖተ ሰላም ካለው የጨርቅ ሱቄ ለልጅ ልጁ ልብስ ሊገዛ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ የሚገዛው አያጣም። ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው አለኝ። እኔ አርባ ስምንት አልኩት። ምን ላድርግ፣ አፌ ቀደመኝ። ወደድኩት፣ በቃ። ከሱ ጋር ማርጀት፣ ማለቴ መኖር፣ አማረኝ።

ግን አርባ ስምንት ዓመት እንዲህ ያለ አንገት ከየት ያመጣል? በሚያዝያ ሙቀት ሻርፕ እስከ አገጬ ጠምጥሜ ሳወራው ከረምኩ። ከተጋባን በኋላስ ጠምጥሜ ልተኛ ነው? አዲስ አበባ ሄድኩ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። "እማማ፣ ቆዳውን ወደ ጆሮዎ ኋላ ስበን ትርፉን እንቆርጠዋለን" አለኝ። እማማ ማለቱን ይቅር ብዬዋለሁ።

ለጎረቤት የእንቅርት ኦፕራሲዮን ነው ብያለሁ። በኛ አገር አንገቷን የምትቀደድ ሴት ሌላ ምን ልታስወጣ ትችላለች? ስመለስ ሙዝ ይዘው ጠየቁኝ። አንዷማ ይህን ሁሉ ዓመት እንቅርቱን ሳላይልሽ ብላ አለቀሰች። አፈርኩ።

እብጠቱ ሲጎድል መስታወት አየሁ። አንገቴ ተወጥሯል። ግን ከእጥፋቱ ውስጥ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ንቅሳቴ! በልጅነቴ የተነቀስኩት፣ ሦስት ረድፍ ከነመስቀሉ። ቆዳው ውጦት ረስቼው ኖሯል። ዛሬ ደግሞ አንገቷን የምትነቀስ ልጅ የት አለች?

መምህር አያሌው ሲመጣ የመጣው ይምጣ ብዬ ሻርፑን አወለቅኩ። ጠጋ ብሎ አየኝ።

"ኧረ ይኸማ የእማማ ውዴ እጅ ነው! እኅቶቼንም የነቀሰች እሷ ናት። ነፍሷን ይማርና፣ ደርግ የገባ ዓመት አይደል የሞተችው?"

 አርባ ስምንት ከሆንኩ ሳልወለድ ተነቅሻለሁ ማለት ነው። አለቀልኝ፣ ውሸታም ብሎኝ ሊሄድ ነው ስል እሱ በትዝታው ገፋበት። ቀብሯ ላይ በዲያቆንነቱ ጥላ የያዘው እሱ እንደነበረ፣ ክንዱም እንዴት እንደዛለ ተረከልኝ።

እኔም ቀስ ብዬ የሱን ዕድሜ በልቤ አሰላሁ። ሃምሳ አምስት ከሆነ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። በአራት ዓመቱ ዲያቆን!

ቀና ብዬ አየሁት። እሱም ገባውና አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ ስፌቴ እስኪያመኝ ሳቅን።

እሁድ ወንድሜ ዘንድ ሽማግሌ ይልካል። የዕድሜ ነገር ከተነሳ እሱ ለእኔ፣ እኔም ለእሱ ልንመሰክር ተስማምተናል።