አንዲት ትርፍ ኡ

እስቲ ንገሩኝ፣ ሰው ጀርባውን ለማስታወቂያ አከራይቶ ያውቃል? እኔ አከራይቻለሁ። ያውም ለራሴ፣ ያውም በነፃ!

መቱ ላይ የቲሸርት ማተሚያ የከፈትኩ ሰሞን ነው። ደንበኛ የሚባል ዝር አይልም። ባለቤቴ፣ እስከ ክረምት ካልሠራህ ማሽኑን ሸጠን ዳሪሙ ገጠር አባትህ ጋ ገብተህ ታርሳለህ ብላኛለች። እሷ ደግሞ ያለችውን አታጥፍም። እኔና ሞፈር መቼ ተዋውቀን!

ስለዚህ «ቲሸርት እናትማለን፤ ዋጋችን ቅናሽ ነው» የሚል ቲሸርቴ ጀርባ ላይ አትሜ ዞርኩበት። ጎሬ ድረስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ወንበሩ ጽሑፉን ቢሸፍንብኝ መንገዱን ሙሉ ጎንበስ ብዬ ሄድኩ። ያመመኝ መስሏቸው ውሃ ያቀበሉኝ ነበሩ። በኋላማ ለመደብኝና ለቅሶ ቤት ለብሼው ገባሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች እንባቸውን እየጠረጉ ጀርባዬን አነበቡና፣ «አንተ ልጅ፣ በፈጠረህ ግድግዳውን ተደገፍ» አሉኝ። ተደገፍኩ።

ግን ያ ጀርባ እንጀራ አመጣ! የያዮ እግር ኳስ ቡድን ደጋፊዎች ሰብሳቢ ጋሼ ገመቹ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ኖሮ፣ በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ። ቡድናቸው እሑድ መቱ ላይ ይጫወታል፤ ከተሸነፈ ከምድቡ ይወርዳል። ለደጋፊው ሁሉ በኦሮምኛ «ኑቲ ቡና» ብለህ አትም አሉኝ። እኛ ቡና ነን ማለት ነው። የጫካ ቡና አገር ሰው ሌላ ምን ይላል? በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኦሮምኛ አፌን የፈታሁበት ነው። ትምህርት ቤት የቆጠርኩት ግን ሀሁን ነው፤ ኦሮምኛ በሚጻፍበት በላቲን ፊደሉ፣ በቁቤው ጽፌ አላውቅም። «ቡ» ስል ድምፁ ረዘም አለብኝ፤ በአንድ ኡ፣ በአንዲት «u» ብቻ መጻፉ ቅር አለኝ። ለክብራቸው ሁለት አደረግኩት። ሰው ይጠይቃል አይደል? እኔ ምን ቆርጦኝ! የቋንቋው ባለቤት ነኛ!

እሑድ ደጋፊው ቲሸርቱን ለብሶ እየጨፈረ ሜዳ ገባ። የተጋጣሚው ደጋፊ አነበበና በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። ለካ በአንድ ኡ ቡና፣ ቡና ነው፤ በሁለት ኡ ግን «እንወርዳለን» ነው! ጉድ ፈላ! አስቡት እንግዲህ፣ ላለመውረድ የሚጫወት ቡድን ደጋፊ ደረቱ ላይ «እኛ እንወርዳለን» ለጥፎ ሲዘምር! ጋሼ ገመቹ ደረታቸውን ቁልቁል አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። የማውቀውን መልአክ ሁሉ ጠራሁ። እባካችሁ ያዮ ያሸንፍ አልኩ።

ተሸነፉ። ወረዱ።

በማግስቱ ሱቁን ከውስጥ ቆልፌ፣ ማሽኑን ለሽያጭ ስወለውል በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ገመቹ ናቸው፤ ከኋላቸው የያዮ ሰው ተሰልፏል። አለቀልኝ አልኩ።

«ክፈት፤ አንመታህም» አሉ። «አንተ የጻፍከው ይደርሳል። ለሚቀጥለው ዓመት ‹ኑቲ ባና› ብለህ ጻፍልን፤ እንወጣለን በልልን።»

ባለቤቴ ከጓዳ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ግን ከዚህ ወዲያማ ሳልጠይቅ አልጽፍም! እስክሪብቶዬን አነሳሁና፣ «ጋሼ፣ ይቺ ‹ባ› በስንት አ ናት?» አልኳቸው።

«አትሰስት!» አሉኝ። «ፕሪሚየር ሊግ እስክንገባ ደርድረው!»