የሽኝት ዋዜማ ጠበኛ

በየቤተሰቡ አንድ የሽኝት ጠበኛ አይጠፋም። መንገደኛው ሻንጣውን ሲዘጋ እሱ ነገር ይከፍታል።

በዚህ ቤት ሹመቱን የያዙት ልብስ ሰፊዋ አክስት ነበሩ፤ ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ በሌሉበት ክብርት ወይዘሮ ኩርፊያ ትላቸዋለች። በሌላው ቀን ማር ናቸው። ሰው ሊሄድ ነው ከተባለ ግን አያድርስ ነው። ወንድማቸው ሥራ ተዛውሮ ከከተማ ሊወጣ ሲል በጠፋ የድስት ክዳን ተጣሉ። ረዳታቸው የተሻለ ሥራ ስታገኝ መቀሴን አደነዝሽው ብለው አኮረፏት። የእህታቸውን ልጅማ በሠርጓ ዋዜማ፣ የሙሽራ ቀሚሷን እየለኩ ሳለ፣ ቀጥ ብለሽ አትቆሚም ብለው መርፌያቸውን ሰክተው ወጡ። "ስትመለሺ እንነጋገራለን" አሏት። በሳምንቱ ደውለው ምነው ጠፋሽ ይላሉ። ለምን እንደተጣሉ ስትጠይቃቸው "እኔ? ከማን ጋር?" ነው መልሳቸው፤ ደግሞም ከልባቸው ነው።

እናቷ ድሮ ያጫወተቻት ነገር ነበር። አክስትየዋ ገና ሕፃን ሳሉ እናታቸው ሆስፒታል ልትገባ ስትል ጉንጫቸውን ስማ፣ እየሳቀች ተሰናብታቸው ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ልጅቱ ሰምታ አዘነች፤ ከዚያም ረሳችው።

ዓመታት አለፉ። የገዛ ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት የምትልክበት ጠዋት በጫማ ማሰሪያ ሰበብ ስትቆጣት "ስትመለሺ እንነጋገራለን" የሚል ቃል ከአፏ አመለጠ። ደንግጣ በሩን ተደገፈች፤ እናቷ ያጫወተቻት ነገር ትዝ አላት። ለካ በፍቅር ተስሞ የተሸኘ ይቀራል፤ የተጣላ ግን ለመታረቅ ይመለሳል። አክስቷ ይህን አንድም ቀን አስበውት አያውቁም፤ ዕድሜ ልካቸውን ግን ኖረውታል። አንዲት ሕፃን ሞትን በድስት ክዳን ስትመክት ይህን ሁሉ ዘመን መቆሟ አስደነቃት።

ባለፈው ዓመት አክስት ለቀዶ ሕክምና ተኙ። የእህታቸው ልጅ ስትገባ እጇን ይዘው በለሰለሰ ድምፅ ይመርቋት ጀመር። ደሟ ቀዘቀዘ። የለበሰችውን፣ እሳቸው የሰፉላትን ቀሚስ ቁልቁል አየችና፣

"አይቆጡኝና አክስቴ፣ ይሄ ስፌት ጠማማ ነው" አለች።

አክስት ከትራሱ ቀና አሉ። ነርሷ አልጋውን እየገፋች ስትወስዳቸው በኮሪደሩ ሙሉ ስለ ክር ጥራትና ስለ ዘመኑ ልጆች ዓይን ሲያማርሩ ይሰሙ ነበር። ልጅቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

ማደንዘዣው ገና በቅጡ ሳይለቃቸው ዓይናቸውን ገልጠው፣ "የቱ ጋ ነው የጠመመው? እስቲ አሳዪኝ" አሉ።

እያለቀሰች ጫፉን ዘረጋችላቸው። ቀጥ ያለ ነበር።